መምህሩ አጠፉ

ቃሊቲ፣ የከተማው ባቡር ከሚያበቃበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። የምጽፈው ሰው ያመጣውን ነው። ከራሴ አልጨምርም፣ አልቀንስምም። ደንበኞቼ አንዳንዴ "አንቺ ደግሞ፣ ትንሽ አሳምሪው እንጂ" ይሉኛል። አላሳምርም። ይህን ጠባይ ያስያዘኝ ሰው መሞቱን የሰማሁት እዚያችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠዋት ነው። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለች ሴት ገባችና ሁለት ቅጠል ባለመስመር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። የሕይወት ታሪክ ነው፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ይደርሳል ወይ አለችኝ። ይደርሳል እያልኩ ወረቀቱን ሳብ ሳደርግ እጄ እዚያው ቀረ። ስሙን ገና አላነበብኩም። ያየሁት ነጥቦቹን ነው። በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ ተቀምጧል፤ አንድም ቦታ አልተዘለለም። ዛሬ ማን ሁለት ነጥብ ያደርጋል? ሁላችንም ክፍት ቦታ ትተን እናልፋለን። በሕይወቴ እንዲህ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

"ቲቸር ታፈሰ ሞቱ?" አልኳት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። "አባዬን ታውቂው ነበር?"

ልጃቸው ሜሮን ናት። ወረቀቱን የጻፉት ራሳቸው መሆናቸውን ነገረችኝ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ብዕር አምጡልኝ ብለው፣ "እናንተ ስትጽፉ ታበላሹታላችሁ" ብለው ነው አሉ የጻፉት። እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዲህ አይልም። አውቃቸው ነበር ማለት ይቻላል። ከሥራቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ ማለትም ይቻላል።

ቲቸር ታፈሰ አቃቂ፣ እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋናቸው ከነጭነት ወደ ጠመኔነት የተለወጠ ሰው ናቸው። በአንድ እጃቸው ደብተር፣ በሌላው ፌስታል ይዘው ነው የሚገቡት። ፌስታሉ ውስጥ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ አለ፣ ክር አለ፣ አንዳንዴ የአጥንት ስባሪ፣ አንዳንዴ የበቀለ ባቄላ። ቀልድ አይወዱም፣ ግን ያስቁናል። አንድ ነገር አስረድተው ሲጨርሱ "አራት ነጥብ" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ጉዳይ አይመለሱም። ቅጽል ስማቸውም አራት ነጥብ ነበር። እንደምንላቸው ያውቃሉ፤ የሚቀየሙ አይመስሉም ነበር።

የሚያነቡበት ሁኔታ እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። መጽሐፍ ይሁን የፈተና ወረቀት፣ የቀኝ እጃቸውን ሦስት ጣቶች ገጥመው መስመሩ ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያ ሦስት ፊደል ያልፋሉ፣ ደግሞ ሦስት። ዶሮ ስትለቅም ነው የሚመስለው። ለምን እንደሆነ የገባን በኋላ ነው።

ሌላው ጠባያቸው "አላውቅም" ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን አላውቅም የሚል አስተማሪ አልገጠመኝም። ቲቸር ታፈሰ የማያውቁትን ሲጠየቁ ዓይናቸው ይበራል፤ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር ያወጡና ጥያቄውን ከነጠያቂው ስም ይመዘግባሉ። የደብተሯ ሽፋን ላይ "የማላውቀው" ይላል። ስሙ እዚያች ደብተር ላይ የሰፈረ ተማሪ ለሳምንት አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል።

እንግዲህ ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነው። የማያውቅ ካለ፦ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ በብረት ሣጥን ተቆልፎ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፤ መሃሉ የፕላዝማዋ ሴትዮ ነው። ሴትዮዋ ሰው እንደሚያሯሩጣት ነበር የምትናገረው። ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ቆም ትላለች። እኛ እንኳን መልሱ ጥያቄው አልገባንም። እሷ ግን ፈገግ ብላ "ቬሪ ጉድ" ትለናለች። ሙባረክ የሚባል ተማሪ ነበር፤ አባቱ ሳሪስ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሰው ናቸው። "ከአባቴ ይልቅ ያመሰገነችኝ እሷ ናት" ይል ነበር።

እኔ የክፍል ሞኒተር ነበርኩ። ስሜ ትዕግሥት ቢሆንም ቲቸር ታፈሰ "ሞኒተር" እንጂ ትዕግሥት ብለውኝ አያውቁም። ከሥራዎቼ አንዱ የፕላዝማ መዝገብ መሙላት ነው። በየክፍለ ጊዜው ስርጭቱ ታየ ወይስ አልታየም የሚል ዓምድ አለ፤ ካልታየ ምክንያቱ ይጻፋል። የምክንያቱ ዓምድ ከሁለት ቃል በላይ አያስገባም። አቃቂ መብራት እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች "መብራት ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መብራት ጠፋ" ነው የሚለው።

ያን ቀን መብራት አልጠፋም። ትምህርቱ ሴል ከዘር መረጃው ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ነበር። ሴትዮዋ እየሮጠች ነው፤ ዲኤንኤ አለች፣ አርኤንኤ አለች፣ ራይቦዞም አለች፣ ሥዕሎች መጡ፣ ሄዱ። ከኋላ የተኛ አለ። ጥያቄ ጠየቀች፣ ቆም አለች፣ "ቬሪ ጉድ" አለች። ቲቸር ታፈሰ ከመስኮቱ ዳር ተነሡ። ወደ ፕላዝማው ሄዱ። ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፣ የብረቱን ሣጥን ከፈቱና አጠፉት። እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም። ማጥፋት ክልክል ነው፣ በአማርኛ ማስተማርም ክልክል ነው።

ጠመኔ አነሡና ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሁለት ነጥብ፦

ጀምርከበደወተትጠጥቶተነሳአበቃ

"አንብቡ" አሉን። እያንገራገርን አነበብነው። እንዴት አወቃችሁ የት እንደሚቆረጥ አሉን። ሦስት ጣታቸውን ገጥመው ሰሌዳው ላይ አሳረፉ፦ ጀምር፣ ከበደ፣ ወተት፣ ጠጥቶ፣ ተነሳ፣ አበቃ። እያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ነው። "ሴል ሁለት ነጥብ አያውቅም። ሦስት ሦስት እያደረገ ነው የሚያነበው። ያለው ፊደል ደግሞ አራት ብቻ ነው፤ እናንተ ያን ሁሉ ፊደል ቆጥራችሁ ደብዳቤ መጻፍ አቅቷችኋል።"

ከዚያ ሥራ ሰጡን። ዋናው ጽሑፍ ዲኤንኤ ነው፣ ከቤቱ አይወጣም አሉ። በዳይሬክተሩ ቢሮ ካለው የውጤት ሮስተር ጋር አንድ ነው፤ ሮስተሩን ይዞ መውጣት አይቻልም፣ ግን ገብቶ መገልበጥ ይቻላል። እኔን ሞኒተር ብለው ጠሩኝና ሰሌዳው ላይ ያለውን በብጣሽ ወረቀት አስገለበጡኝ። "እሷ አሁን አርኤንኤ ናት። ጨመርሽ? ቀነስሽ?" አሉኝ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም አልኩ። "ጎበዝ" አሉኝ። የፕላዝማዋ ሴትዮ ከሰጠችን ምስጋና ሁሉ ያቺ አንዷ ትበልጥብኛለች።

ፌስታሉን ገለበጡ። ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃልና አንድ ዓይነት ቆርኪ አደሉ። "ወተት" የደረሰው ረድፍ ወተት ሲነበብ ብቻ ተነሥቶ ቢጫ ቆርኪውን ያመጣል፤ "ጠጥቶ" የደረሰው ነጩን። ቆርኪው አሚኖ አሲድ ነው፣ ሃያ ዓይነት ነው ያለው አሉን። እሳቸው ጠረጴዛው ዘንድ አንባቢው ራይቦዞም ሆነው ቆሙ፤ የእኔን ወረቀት በሦስት ጣታቸው እያነበቡ፣ የመጣውን ቆርኪ በክር ይሰካሉ፤ የተሰካው ክር ፕሮቲኑ ነው። የቃሉንና የቆርኪውን ቋንቋ የሚያስማማው ይዞ የሚመጣው ልጅ ነው፤ በግራ እጁ ቃል፣ በቀኝ እጁ ቆርኪ። አስተርጓሚ እሱ ነው አሉ። ሙባረክ "አበቃ" የሚለው ቃል ደርሶት ቆርኪ አልተሰጠውም። ቃሉ ሲነበብ ተነሣና ባዶ እጁን ዘርግቶ "ቲቸር፣ የእኔ ቆርኪስ?" አለ። ቲቸር ታፈሰ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "አንተ ቆርኪ የለህም። አንተ ስትመጣ ሥራው ያልቃል። አራት ነጥብ አንተ ነህ።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሙባረክ በኩራት ተቀመጠ።

ከዚያ በጣታቸው "ወ"ን አጠፉ። ከበደ፣ ተትጠ፣ ጥቶተ፣ ነሳአ፣ በቃ። አንዲት ፊደል ብትወጣ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ፈረሰ። "ወ"ን መለሱና ደግሞ የ"ጥ"ን ቦታ በ"ል" ተኩ። ከበደ ወተት ጠልቶ ተነሳ። ይሄኛው ይነበባል፣ አሉ፤ ችግሩም ይኸው ነው፤ ደህና ይመስላል፣ ግን ልጁ ወተቱን አልጠጣም። ሰው ታሞ ሐኪም ቤት የሚመላለስባቸው አንዳንድ በሽታዎች በዘሩ ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት ፊደል ስህተት ናቸው አሉን። እኔ እጄን አወጣሁ። የሚያነበው ራይቦዞም ራሱ ከምንድን ነው የተሠራው አልኩ። ከአርኤንኤና ከፕሮቲን አሉኝ። ታዲያ ያ ፕሮቲን ሲሠራ ማን አነበበለት? የመጀመሪያውን አንባቢ ማን አነበበው?

ቲቸር ታፈሰ ጠመኔውን አስቀመጡ። ዓይናቸው በራ። "አላውቅም" አሉ፤ ደብተሯንም አወጡ።

ደወሉ ተደወለ። እኔ በደስታ ሰክሬ ነበር። መዝገቡን ከፈትኩና እንደ ልማዴ ያየሁትን ጻፍኩ። ስርጭቱ፦ አልታየም። ምክንያት፦ መምህሩ አጠፉ። ፕላዝማውን ለማለት ነው። ዓምዱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ቃል ነው የሚይዘው አላልኳችሁም?

በሳምንቱ መምህራን በግምገማ ሊቀመጡ ነው፣ የፕላዝማ መዝገቦችም ይታያሉ ተባለ። ሙባረክ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ ገጹን አነበበና "ምን አጠፉ ብለሽ ነው?" አለኝ። ሊያሾፍ ነው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ደግሜ አየሁት። መምህሩ አጠፉ። ጥፋት ሠሩ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌባቸዋለሁ። ያን ቀን ያስተማሩንን የሚያህል ትምህርት አግኝቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ክስ ጻፍኩባቸው።

በምሳ ሰዓት መዝገቡን ይዤ ባዶ ክፍል ገባሁ። የእርሳስ መቅረጫ ምላጭ ነበረኝ። ከላይ ያሉትን መስመሮች አየሁ፦ ጠፋ፣ ጠፋ፣ ጠፋ። የእኔን ከእነሱ የሚለየው ያቺ "አ" ናት ብዬ አሰብኩ። እሷን ብቻ ካነሣኋት ነገሩ እንደ ሌላው ቀን ይመስላል። በምላጩ ፋቅኳት። ወረቀቱ ሳሳ እንጂ አልተቀደደም። ሰው ሲመጣ ሰማሁና መዝገቡን ዘግቼ ሮጥኩ። የቀረውን አላነበብኩትም። ልክ ነው፣ አላነበብኩትም።

ግምገማው በአዳራሹ ነበር፤ ሞኒተሮችም የተማሪ ተወካይ ተብለን ከኋላ ተቀመጥን። የሰብሳቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ መዝገቦቹ ተደርድረዋል። አንድ ሁለት መምህራን ስለ መዘግየት ተወቀሱ። ከዚያ ሰብሳቢው የእኛን መዝገብ ገለጠና "መምህር ታፈሰ፣ እዚህ ላይ ስርጭቱ አልታየም፣ መምህሩ ጠፉ ይላል" አለ።

መምህሩ ጠፉ። ክፍለ ጊዜ ትተው ሄዱ ማለት ነው። ማጥፋት በማስጠንቀቂያ ያልፍ ይሆናል፤ ክፍል ጥሎ መጥፋት ግን ከሥራ ያሰናብት ነበር። "አ"ን ብቻ አይቼ "መምህሩ" የሚለውን ረስቼዋለሁ። ተነሥቼ እኔ ነኝ ልል ፈለግኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። ፈራሁ፣ በቃ። አሁን ምን ብዬ ላሳምረው?

ቲቸር ታፈሰ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስት ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉና አነበቡ። ከዚያ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። የሳሳው ቦታ እንደሚያሳልፍ ከኋላ ሆኜ ለእኔ ሳይቀር ታየኝ። ወደ እኔ አልዞሩም። የእጅ ጽሑፌን እንደሚያውቁት አውቃለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያረሙት እሳቸው ናቸው።

"አልጠፋሁም" አሉ። "አጠፋሁ።"

ሰብሳቢው ግራ ገባው። "ምኑን ነው ያጠፉት?"

"ፕላዝማውን።"

"ይህ ጥፋት መሆኑን ያምናሉ?"

"ፕላዝማውን አጠፋሁ እንጂ አላጠፋሁም" አሉ።

ከመምህራኑ መሃል የሳቁ አሉ፤ ሰብሳቢው ግን አልሳቀም። መዝገቡ እንዲህ አይልም አለ፣ ጠፉ ነው የሚለው፣ ፊደሉ ተፍቋል፣ ማን ፋቀው አለ። ቲቸር ታፈሰ ከደረት ኪሳቸው ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጡ። "መዝገቡ አንድ ፊደል ጎድሎታል። እኔው ልመልሰው" አሉና፣ ማንም እሺ ሳይላቸው፣ በሳሳው ወረቀት ላይ፣ ሳይቀድዱት፣ ጥንቅቅ አድርገው "አ" ጻፉ። ደግመው በሦስት ጣታቸው አነበቡት። "አሁን ልክ ነው። አራት ነጥብ።"

ማን ፋቀው የሚለው ጥያቄ እዚያው ተረሳ። ሰብሳቢው በእጁ የተረጋገጠ ጥፋት ስላገኘ ሌላ አልፈለገም። ከሥራ አላሰናበቷቸውም። ግን ከክፍል አወጧቸው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የማስተማሪያ መሣሪያ የሚዘጋጅበት ጓዳ ውስጥ ካርቶን እንዲቆርጡ፣ ሥዕል እንዲለጥፉ ተመደቡ። እኛ ልንፈተን ጥቂት ወራት ነበሩን። በምትካቸው የመጡት መምህር ፕላዝማውን ከፍተው ከመስኮቱ ዳር ይቀመጣሉ። ሴትዮዋ ቬሪ ጉድ ትለናለች።

ከእሳቸው ጋር ለመነጋገር ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አላስታውስም። የጓዳው በር ዘንድ ደርሼ ስንቴ እንደተመለስኩ ግን አስታውሳለሁ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ገባሁ። ካርቶን ላይ ጎንበስ ብለው ቆርኪ በክር እየሰኩ ነበር። ምላጩን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በመጀመሪያ ስጽፈው ያየሁትን ነው ወይ የጻፍኩት ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። "ታዲያ ያየሽውን መጻፍሽ ልክ ነው። ሰው ለማዳን ብለሽ መፋቅሽም ይገባኛል። አንቺ ሞኒተር፣ ፊደል ካወጣሽ በኋላ ግን የቀረውን አንብቢ። ጥፋትሽ እሱ ብቻ ነው።" ሴል እንኳ ራሱን ያርማል አሉኝ፤ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያነባል፣ የተሳሳተችውን ፊደል አውጥቶ ትክክለኛዋን ይተካል፣ ሰውም ሳያየው፣ ቀኑን ሙሉ፣ በእያንዳንዳችን ውስጥ። "ባያርም እኔና አንቺ እዚህ ቆመን አናወራም ነበር።" እንባዬን ረሳሁት። በየቱ ጣቱ ነው የሚያነበው አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ።

"ማን እንደፋቀው ለምን አልተናገሩም?" አልኳቸው።

"የተጠየቅኩት ባዮሎጂ አልነበረም" አሉኝ። እስከ ዛሬ ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም።

ከዚያ ወዲያ በዕረፍት ሰዓት ወደዚያች ጓዳ የምንሄደው ተማሪዎች በዛን። መጀመሪያ እኔና ሙባረክ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ በሩ ላይ የሚቆሙ ሆኑ። ካርቶን እንቆርጣለን እያልን ነው የምንገባው። እሳቸውም ካርቶን እያስቆረጡን ነው የሚያስተምሩን። የመጀመሪያውን አንባቢ ማን አነበበው የሚለውን ጥያቄዬን ብዙ ቦታ ፈልገው ነበር፤ ምናልባት መጀመሪያ ላይ አርኤንኤው ራሱ ጽሑፍም አንባቢም ሆኖ ይሆናል የሚሉ አሉ አሉኝ፤ ግን ከደብተሯ ላይ አልሰረዙትም። "አልረካሁም" አሉ። እኔ ስሜ እዚያ እንዳለ ትምህርቴን ጨረስኩ። እሳቸው በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በሁሉም ፊት እኔ ነኝ የፋቅኩት ሳልል ቀረሁ። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ያን ጠዋት ሜሮን ፊቴ ተቀምጣ፣ እኔ የአባቷን ጽሑፍ በሦስት ጣቴ እያነበብኩ እገለብጣለሁ። ሁለት ነጥቦቹንም እያስገባሁ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ መቼ እንዳገቡ ይላል። ስለ ራሳቸው እንደ ሌላ ሰው ነው የጻፉት። ሁለተኛው ቅጠል መጨረሻ ላይ ደረስኩ። አንድ መስመር ለብቻው ተቀምጧል፦

መምህሩ፡አንድ፡ቀን፡አጠፉ።

ሜሮን ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችኝ። እሷም ያሳሰባት ይኸው መስመር ነበር። "እዚህ ጋ ደክሞት መሰለኝ። ካህናቱ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አጠፉ ተብሎ እንዴት ይነበባል? ጠፉ ሊል ነው? ብቻ አውጪው፣ ወይ አስተካክይው" አለችኝ።

ጣቴ የ"አ" ቁልፍ ላይ ነው። ዓመታት የጠበቀችኝ ያቺው ፊደል ናት። ለሜሮን ሁሉንም ነገርኳት፤ ምላጩን፣ አዳራሹን፣ ሰማያዊውን እስክሪብቶ። ያን ዓመት ለምን ከክፍል እንደወጡ አባቷ ለቤተሰቡ ነግረው አያውቁም ነበር። ስጨርስ ወረቀቱን አንሥታ በብርሃን አየችው፣ ልክ እንደሳቸው።

"ፊደሉ ልክ ነው" አልኳት።

"እንዳለ ጻፊው" አለችኝ።

ቀብሩ ላይ ሙባረክ መጥቶ ነበር። አሁን የአባቱን ሱቅ ይዟል፣ ፀጉሩ ሳስቷል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ከሌሎች የቀድሞ ተማሪዎች ጋር ቆሞ አገኘሁት። የሕይወት ታሪኩን ያነበቡት የሰፈሩ ዕድር ሊቀ መንበር ናቸው። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ አነባበባቸውም ፈጣን። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ። ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩት። "መምህሩ አንድ ቀን... አጠፉ" አሉ፣ የተሳሳቱ ይመስል ቀስ ብለው።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት አሮጊት ከፊት ረድፍ "ምን አጠፉ?" አሉ።

"ፕላዝማውን" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። አጥሩ አጠገብ የቆሙት ተማሪዎች እንባቸው ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሱ፤ ሜሮንም በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል። ያን ጊዜ እምቢ ያለኝ እግሬ አሁን ቆሟል። "እሳቸው ናቸው ያጠፉት" አልኩ፣ "ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ፊደሏን የፋቅኳት እኔ ነኝ።"

አሮጊቷ ምንም አልገባቸውም። የዕድሩ ሊቀ መንበርም አልገባቸውም፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሙባረክ ግን ዞር ብሎ አየኝና፣ ያኔ ክፍል ውስጥ "አበቃ" ሲነበብ እንዳደረገው፣ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ።